ከቀርከሃና ከስሚንቶ የግንባታ ሰሌዳ አሠራር

ለልማት ሠራተኞችና ለአነስተኛ የቀርከሃና የእንጨት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በአገራችን የሚበቅለው አገር በቀል ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ኦልዴኒያ አልፒና የሚባለው የደጋ ቀርከሃ ሲሆን፣ በአዊ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጨንቻና በማሻ አካባቢ በብዛት ይገኛል። ግንዱ ረጅምና ውስጡ ክፍት ነው። ሁለተኛው ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ የተባለው የቆላ ቀርከሃ ወይም ሽመል ነው። ይህኛው በአሶሳና በመተከል ቆላማ ቦታዎች ሰፊ ደን ሠርቶ ይታያል፤ ግንዱ ቀጠን ያለና አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድነት የሚሸፍኑት መሬት ወደ አንድ ሚሊዮን ሄክታር እንደሚደርስ ብዙ ጊዜ ይገመታል።

ሕዝባችን ቀርከሃን ለአጥር፣ ለግድግዳ፣ ለማገር፣ ለቅርጫት፣ ለምንጣፍና ለወንበር ሲጠቀምበት ኖሯል። ይሁን እንጂ ወንበርና ምንጣፍ በሚሠራበት ግቢ ሁሉ የሚከማቸው ፍቅፋቂና ቁርጥራጭ ከማገዶ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። በሌላ በኩል በጭቃ የተመረገ ቤት ያለው ገበሬ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ግድግዳውን እንደገና መምረግ አለበት፤ ማገሩንና ምሰሶውንም ምስጥ ይበላበታል። ፍቅፋቂውን በስሚንቶ አያይዞ ሰሌዳ መሥራት ለሁለቱም ችግር መፍትሔ ሊሆን ይችላል። እንጨትን በስሚንቶ ማያያዝ አዲስ ነገር አይደለም፤ በፊሊፒንስ ሎስ ባኞስ የሚገኘው የደን ውጤቶች ምርምርና ልማት ተቋምን የመሳሰሉ ድርጅቶች ከቀጫጭን ዛፎችና ከእርሻ ተረፈ ምርት እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሲያሠሩ ቆይተዋል።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ፍቅፋቂ፣ ስሚንቶና ውሃ ተቀላቅሎ ይጫናል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ከረጢት ስሚንቶ የሚያባክነው ይህ ቀላልነት ስለሚያታልለው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከመጫኛውና ከልኩ ይልቅ ቀርከሃው ከስሚንቶ ጋር ከመገናኘቱ በፊት መደረግ ስለሚገባው ነገር ሰፋ አድርገን እንገልጻለን።

ሰሌዳው ለምን ያገለግላል?

በስሚንቶ የተያያዘ ሰሌዳ ከችፑድ ይለያል። በችፑድ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ሙጫ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይፈርሳልም። በስሚንቶ የተያያዘው ግን ውሃን፣ እሳትንና ምስጥን በደንብ ይቋቋማል። ለክፍል መለያ፣ ለኮርኒስና የጣራ ክፈፍ በሚከልለው የውጭ ግድግዳ ላይ ይስማማል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። የአንድ ሜትር ኩብ ክብደት ከ1,000 እስከ 1,300 ኪሎ ግራም ስለሚደርስ ከችፑድ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጣራ የሚሸከም ምሰሶ ወይም ሰው የሚቆምበት ወለል በዚህ ሰሌዳ መሥራት አይገባም። ይህን በግልጽ የምንናገረው፣ አንዳንድ ሰው ስሚንቶ የገባበት ነገር ሁሉ እንደ ኮንክሪት የሚሸከም ስለሚመስለው ነው።

ስሚንቶው ለምን አይጠነክርም?

የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰሌዳዎች የሠራነው ከተቆረጠ አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነው የደጋ ቀርከሃ ነበር። ፍቅፋቂው ንጹሕ፣ ሽታው ደስ የሚል ስለነበር ማጠብ አላስፈለገንም ብለን በቀጥታ ከስሚንቶ ጋር ቀላቀልነው። በማግሥቱ ማሠሪያውን ስንፈታ ሰሌዳው እንደ እርጥብ አፈር በእጃችን ላይ ተፈረካከሰ። አንድ ቀን ጨመርንለት፤ ለውጥ አልነበረም። ያን ጊዜ የወቀስነው ስሚንቶውን ነበር። አርጅቷል፣ እርጥበት ገብቶበታል ብለን ሌላ ከረጢት ገዝተን ደገምነው፤ ውጤቱ ያው ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ግን በመጀመሪያው፣ ማለትም በወቀስነው ስሚንቶ፣ ከሙቅ ውሃ ታጥቦ የወጣ ፍቅፋቂ ቀላቅለን ስንሞክር በማግሥቱ በጥፍር የማይጫር ሰሌዳ አገኘን። ጥፋቱ የቀርከሃው፣ ይልቁንም የእኛ እንጂ የስሚንቶው አልነበረም።

ምክንያቱ ስኳር ነው። ስሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ከውሃ ጋር ተዋሕዶ አዲስ ነገር በመፍጠሩ ነው። ስኳር በስሚንቶው ብናኝ ላይ ተለጥፎ ይህን ውህደት ይከለክላል። ለዚህም የሚበቃው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። ከስሚንቶው ክብደት 0.05 በመቶ ያህል ስኳር፣ ማለትም በአንድ ባለ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ውስጥ 25 ግራም ወይም አምስት ስድስት የሻይ ማንኪያ፣ ስሚንቶው የሚጠነክርበትን ጊዜ በብዙ ሰዓት ያዘገየዋል። ከ0.2 በመቶ ካለፈ ጨርሶ እንዳይጠነክር ሊያደርገው ይችላል። በቀርከሃ ውስጥ ደግሞ ስኳር፣ ስታርችና በአልካሊ ውስጥ የሚሟሙ ሌሎች ነገሮች አሉ። የስሚንቶ ውሃ ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ እነዚህን ነገሮች ከፍቅፋቂው ውስጥ መጥምጦ ያወጣቸዋል። ስለዚህ ፍቅፋቂው ላዩ ንጹሕ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር እናስታውስ። ቀድሞ ሞላሰስ፣ ጠላ ወይም ጠጅ የነበረበት በርሜል ለዚህ ሥራ አይሁን። በደንብ ታጥቧል ቢባልም አይታመን።

የቆረጣ ዕድሜና ጊዜ

ለሰሌዳ የሚሆነው ግንድ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሞላው ነው። የአንድ ዓመት ግንድ ውሃ የበዛበትና ለስላሳ ስለሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ዕድሜውን በግምት መለየት ለለመደ ዓይን አይከብድም። የጎለመሰው ግንድ አረንጓዴነቱ ይደበዝዛል፣ ላዩ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሲመታም ድምፁ ጠንከር ያለ ነው። ከግምት የተሻለው ግን በየዓመቱ አዲስ የወጣውን ግንድ በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። የአንድ ማኅበር አባላት ይህን ልማድ ቢይዙ ከአራት ዓመት በኋላ የትኛው ግንድ ለቆረጣ እንደደረሰ ክርክር አይኖርም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቀርከሃ ቡቃያው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ወራት በግንዱ ውስጥ ስታርች ያከማቻል። ዝናቡ ገብቶ ቡቃያው ሲወጣ ያንን ስንቅ ለአዲሱ ግንድ ይመግባል። ስለዚህ ከበልግ በፊት በበጋው መጨረሻ የተቆረጠ ግንድ ስታርች የበዛበት ነው። በክረምት መቁረጥም አይቻልም፤ ምክንያቱም ለጋው ቡቃያ ይሰበራል፣ የሚመጡት ዓመታት ምርትም ይጎዳል። እኛ የምንመርጠው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ጊዜ ነው። ቡቃያው ጠንክሯል፣ ግንዱ ስንቁን ገና አልሞላም፣ ለማድረቅም ፀሐይ አለ። ነቀዝ ቀርከሃን የሚወድደው በዚሁ ስታርች ምክንያት ስለሆነ፣ ለወንበር ሥራ ነቀዝ የማይነካውን ቀርከሃ መምረጥ የሚያውቅ ባለሙያ ለሰሌዳ የሚሆነውንም መምረጥ ያውቃል ማለት ነው።

በወር መቁጠር ብቻ የማያረካው ሰው ከመድኃኒት ቤት ለቁስል የሚሸጠውን አዮዲን ይጠቀም። አዲስ በተቆረጠ ግንድ ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ማንጠባጠብ ነው። ስታርች ካለበት ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል፤ ከሌለበት ቢጫ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። አዮዲን የሚያሳየው ስታርችን እንጂ ስኳርን ስላልሆነ ከማጠብ አያድንም። ይሁን እንጂ ከሁለት ማሳ የትኛውን አስቀድሞ መቁረጥ እንደሚሻል ለመወሰን በጣም ይረዳል።

ፍቅፋቂ ማዘጋጀት

ግንዱ ተሰንጥቆ አረንጓዴው ቆዳ በቢላዋ ይፋቃል። ይህ ቆዳ ሰም የመሰለ ልባስና ሲሊካ ስላለበት ስሚንቶ አይዘውም። የአንጓው ውስጥ መከፈያም ይወገዳል። ከዚያ ስንጣቂው በመላጊያ ይፋቃል። ርዝመቱ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ከወፍራም ወረቀት ያልበለጠ ፍቅፋቂ የተሻለ ጥንካሬ ይሰጣል። የእህል ወፍጮ የመሰለ መዶሻ ያለው መፍጫ ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ ነገር ግን ቀርከሃውን ዱቄት እንዳያደርገው ወንፊቱ ሰፊ ይሁን። ሰጋቱራውና ዱቄቱ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ተነፍቶ ይወገድ። ዱቄት ለጥንካሬ አይረዳም፤ ላዩን ለመሸፈን ብቻ ብዙ ስሚንቶ ይጠጣል።

ከወንበርና ከምንጣፍ ሠሪዎች የሚሰበሰብ ፍቅፋቂ ድካሙን በጣም ይቀንሳል። ሆኖም ቫርኒሽ ወይም ቀለም የነካው አይቀላቀልበት። በእርጥብ ተከምሮ የሻገተውም ይተው።

ማጠብ

ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ይቻላል። ማገዶ ባለበት ፍቅፋቂውን በበርሜል ውስጥ በሙቅ ውሃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት መዘፍዘፍ ነው። የውሃው ሙቀት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይነስ። እንደ እንጅባራ ባለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ውሃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ስለሆነ መንተክተክ ከጀመረ በቂ ነው። ማገዶ ለመቆጠብ የሚፈልግ በቀዝቃዛ ውሃ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይዘፍዝፍ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥም ውሃውን ሁለት ጊዜ ይለውጥ። በሁለቱም መንገድ ለአንድ ኪሎ ግራም ፍቅፋቂ አሥር ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ሻይ ይቀላል። የመጨረሻው መለቅለቂያ ውሃ ቀለም የሌለው እስኪሆን ድረስ መለቅለቅ ያስፈልጋል። እጣቢው ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ እንዳይደፋ፣ በማሳ ላይ ይፍሰስ።

ከታጠበ በኋላ ፍቅፋቂው በሸራ ላይ በሥሡ ተበትኖ ይድረቅ። እንደ ርጥብ ተከምሮ ካደረ ይቦካል፤ ያን ጊዜ ማጠቡ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ከረጢት ከመክፈት በፊት የሚደረግ ሙከራ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ቢኖር ይህን እንዲወስድ እንፈልጋለን። ማንኛውም አዲስ ማሳ፣ አዲስ ቆረጣ ወይም አዲስ የስሚንቶ ዓይነት ሳይፈተሽ ወደ ሥራ አይግባ። አንድ ሙከራ የሚፈጀው 200 ግራም ስሚንቶ ብቻ ነው፤ አንድ ከረጢት 250 ሙከራ ያወጣል። ሙከራ ሳይደረግ የተቀላቀለ ከረጢት ግን ከጠፋ ጠፋ ነው፤ አንዴ ውሃ የነካውን ስሚንቶ መመለስ አይቻልም።

ስሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ይሞቃል። በደንብ የሚሞቅ ከሆነ እየጠነከረ ነው፤ የማይሞቅ ከሆነ አንድ ነገር ከልክሎታል። ይህን ለማየት ሻይ የሚያዝበት ፔርሙዝና እስከ 100 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር ይበቃል። የሐኪም ቤት ቴርሞሜትር የሚያነበው እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ አይሆንም፤ ይሰበራልም። 200 ግራም ስሚንቶ፣ 15 ግራም በደንብ የደረቀና የደቀቀ የቀርከሃ ፍቅፋቂና 90.5 ሚሊ ሊትር ውሃ ለሁለት ደቂቃ ተለውሶ በላስቲክ ከረጢት ይደረግና በፔርሙዙ ውስጥ ይቀመጣል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ በሊጡ መሐል ገብቶ አፉ በጨርቅ ይወተፋል። ከዚያ በየሰዓቱ፣ ሙቀቱ መውጣት ሲጀምርም በየግማሽ ሰዓቱ እየተነበበ ይመዘገባል። በዓለም በሰፊው የሚሠራበት መመዘኛ የሚከተለው ነው። ከፍተኛው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ካለፈ ፍቅፋቂው ይስማማል። ከ50 እስከ 60 ከሆነ ተጨማሪ ማጠብ ወይም አፋጣኝ ይፈልጋል። ከ50 በታች ከቀረ ለሰሌዳ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በገበያ ላይ ኦፒሲና ፒፒሲ የሚባሉ ስሚንቶዎች ይሸጣሉ። ከላይ የተገለጸው መመዘኛ ለኦፒሲ ነው። ፒፒሲ ፖዞላና የተቀላቀለበት ስለሆነ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ ሙቀቱም ያነሰ ነው። ለሰሌዳ ኦፒሲ ይመረጣል። ምንም ዓይነት ስሚንቶ ቢሆን ግን ጎን ለጎን ቀርከሃ የሌለበት ሊጥ በሌላ ፔርሙዝ ቢፈተሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። እኛ በሁለተኛው ከረጢት ላይ ያወጣነውን ገንዘብ ይህ ሙከራ ያተርፍልን ነበር።

ፔርሙዝም ቴርሞሜትርም ለማያገኝ ማኅበር ሌላ ዘዴ አለ። ከፍቅፋቂው፣ ከስሚንቶውና ከውሃው ጭብጥ የሚያህል ድቡልቡል ተሠርቶ በላስቲክ ይጠቀለላል፤ ሌላም ቀርከሃ የሌለበት እንዲሁ ይሠራል። በማግሥቱ ሁለቱም በሚስማር ይጫራሉ። ቀርከሃ ያለበት በቀላሉ ከተፈረፈረና ባዶው ጠንክሮ ከተገኘ ፍቅፋቂው እንደገና ይታጠብ። ይህ ዘዴ ሻካራ ቢሆንም ምንም ካለመሞከር በእጅጉ ይሻላል።

ልክና ቅልቅል

ለደረቅ ቀርከሃ አንድ እጅ፣ ለስሚንቶ ሁለት እጅ ተኩል በክብደት እንመክራለን። ውሃው እንደሚከተለው ይሰላል፦

ውሃ = 0.35 × ስሚንቶ + (0.30 − የቀርከሃው እርጥበት) × ደረቅ ቀርከሃ

ክብደቱ በኪሎ ግራም ከሆነ ውሃው በሊትር ይገኛል። በጥላ የደረቀ ፍቅፋቂ ወደ 12 በመቶ እርጥበት ስለሚኖረው በቀመሩ 0.12 ተብሎ ይገባል።

ለምሳሌ 60 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ አምስት ለመሥራት 3.5 ኪሎ ግራም በጥላ የደረቀ ፍቅፋቂ፣ 7.8 ኪሎ ግራም ስሚንቶና 3.3 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ካልሲየም ክሎራይድ ከተገኘ ከስሚንቶው 2 በመቶ፣ ማለትም 155 ግራም ይጨመራል። ይህ ጨው ስሚንቶው ቶሎ እንዲጠነክር ያደርጋል፤ ያልታጠበ ፍቅፋቂን ጥፋት ግን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፣ ብረትንም ያዝጋል። በዚህ ልክ ከአንድ ከረጢት ስሚንቶ 32 ሰሌዳ፣ ማለትም 5.76 ሜትር ካሬ ይገኛል። ሦስት ሜትር ርዝመትና ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ክፍል መለያ አንዱን ፊት ለመሸፈን 42 ሰሌዳ ይፈልጋል፤ ይህም አንድ ከረጢትና ሢሶ ያህል ነው።

ሲቀላቀል ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ጨው ካለ በውሃው ይሟሟል፤ ውሃው በፍቅፋቂው ላይ እየተረጨ እኩል ይርሳል፤ ከዚያ ስሚንቶው እየተነሰነሰ ይገላበጣል። ስሚንቶና ውሃ አስቀድሞ ከተላወሰ ድቡልቡል ይሆናል፣ ፍቅፋቂውንም አይለብሰውም። ቅልቅሉ በጭብጥ ሲጨመቅ ቅርጹን ይዞ መቆየት አለበት፤ በጣቶች መካከል ውሃ መንጠባጠብ የለበትም። ስሚንቶ እጅን ስለሚያቃጥል የላስቲክ ጓንት ይደረግ፤ አቧራው እንዳይሳብም አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ውሃው ከነካበት ጊዜ ጀምሮ እስኪጫን ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቆየት አይገባውም። በአንድ ጊዜ ከአምስት ሰሌዳ በላይ እንዳይቀላቀል የምንመክረውም ለዚህ ነው።

መጫን

በፋብሪካ የሚሠራ ሰሌዳ በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይጫናል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እንደ ገበያው ኮምፔንሳቶ ሰፊ ሰሌዳ መሥራት ይፈልጋሉ። የጭነት መኪና ክሪክ 20 ቶን ያነሳል እንበል። ሁለት ክሪክ 40 ቶን ይሆናል። በ120 በ60 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ ይህ ጉልበት ሲከፋፈል በካሬ ሴንቲ ሜትር 5.5 ኪሎ ግራም ብቻ ይደርሰዋል፤ ሰሌዳው ስፖንጅ ይሆናል። በ60 በ30 ላይ ግን 22 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል፤ ይህ የፋብሪካውን ያህል ነው። ስለዚህ ትንሽ ሰሌዳ መሥራት ያዋጣል። ደግሞም አምስት ሰሌዳ ተደራርቦ ቢጫን ለአንድ ሰሌዳ ከሚያስፈልገው የበለጠ ጉልበት አይጠይቅም።

የቅርጽ ማውጫው ታችና ላይ የሌለው የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ 60 በ30 ሆኖ በተቃጠለ ዘይት በተቀባ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ይቀመጣል። ቅልቅሉ ለየሰሌዳው 2.9 ኪሎ ግራም እየተመዘነ እኩል ይበተናል። ጠርዙና ማዕዘኑ በእጅ ጠበቅ ይደረግ፤ ሰሌዳ የሚፈረፈረው ሁልጊዜ ከማዕዘኑ ነው። ከመጫኑ በፊት ከፍታው ከሚፈለገው ውፍረት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሣጥኑ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ በሁለቱ ጎን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ይጋደምና ሌላ ላሜራ ይደረብበታል። አምስቱ ሲያልቁ ክምሩ ወደ መጫኛው ገብቶ በክሪኩ እስከ ዘንጉ ድረስ ይጫናል። ከዚያ ታችና ላይ ያሉት ወፍራም ብረቶች በቡሎን ይታሠሩና ክሪኩ ይለቀቃል። እንዲህ ከሆነ መጫኛው ለሚቀጥለው ክምር ነፃ ይሆናል። መጫኛው 40 ቶን የሚችል መሆኑን የሚያውቅ ብየዳ ሠራተኛ ይሥራው። በሚጫንበት ጊዜ ማንም ሰው በጎኑ ጎንበስ ብሎ አይመልከት፤ የተንሸራተተ ክሪክ እንደ ጥይት ይወጣል።

ማጠንከርና ፍተሻ

በቆላና በወይና ደጋ ክምሩ ከ24 ሰዓት በኋላ ይፈታል። በደጋ ብርዱ ስሚንቶውን ስለሚያዘገየው 48 ሰዓት ይቆይ፤ የሚገኝበትም ክፍል ሌሊት ሙቀት የሚይዝ ቢሆን ይሻላል። የተፈታው ሰሌዳ በላስቲክ ወይም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በእርጥበት ይቀመጥ፤ ከዚያ በጥላ ሥር በጠርዙ ቆሞ፣ በመካከሉ ነፋስ እንዲገባ ተደርጎ ይድረቅ። ሙሉ ጥንካሬውን የሚይዘው 28 ቀን ሲሞላው ነው። በፀሐይ ቶሎ ማድረቅ ሰሌዳውን ያጣምመዋል፤ ገዢ አስቸኮለን ብለው በአሥረኛው ቀን የሚያስረክቡ ሠሪዎች ስማቸውን ያጠፋሉ።

የዓለም አቀፍ ደረጃዎች ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ቁጥር 8335 ብሎ ባወጣው ደረጃ እንዲህ ያለ ሰሌዳ በየካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ 9 ኒውተን የመጉበጥ ጥንካሬ፣ በሜትር ኩብ ቢያንስ 1,000 ኪሎ ግራም ክብደት እንዲኖረው፣ በውሃ ሲዘፈዘፍም ውፍረቱ ከ2 በመቶ በላይ እንዳያብጥ ይጠይቃል። ላቦራቶሪ የሌለው ማኅበርም ይህን በቀረብታ ሊያየው ይችላል። የደረቀው ሰሌዳ 2.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ2.2 ካነሰ አልታመቀም። ለመጉበጡ ደግሞ ሰሌዳው በ50 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል፤ በመካከሉ ከጎን እስከ ጎን የሚደርስ ዱላ ይቀመጥበታል፤ ከዱላው ሁለት ጫፎች በገመድ 55 ኪሎ ግራም ይንጠለጠልበታል። አንድ ከረጢት ስሚንቶና አምስት ኪሎ ግራም ድንጋይ ማለት ነው። ከረጢቱ በሰሌዳው ላይ ቢተኛ ጭነቱ ስለሚበተን ሙከራው ዋጋ የለውም፤ መንጠልጠል አለበት። ይህን ሳይሰበር የተሸከመ ሰሌዳ ደረጃውን ደርሷል። ከየሃምሳው ሰሌዳ አንዱ ለዚህ ቢሠዋ አይጸጽትም።

ለማብጡ፣ አንድ ቁራጭ ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቀመጥና ውፍረቱ ከመዘፍዘፉ በፊትና በኋላ በካሊበር ይለካ። በ12 ሚሊ ሜትር ላይ የሚፈቀደው ጭማሪ ሩብ ሚሊ ሜትር አይሞላም።

በግድግዳና በኮርኒስ ላይ

ሰሌዳው በጥርሰ ደቃቅ መጋዝ ይቆረጣል፤ የመጋዙ ጥርስ ግን ቶሎ ይደንዛል። ሚስማር በቀጥታ መምታት ይሰነጥቀዋል። አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ዚንክ በተቀባ ብሎን ይታሠር፤ ካልሲየም ክሎራይድ የገባበት ከሆነ ተራ ሚስማር በጥቂት ዓመት ዝጎ ይበጠሳል። ደጋፊ እንጨቶቹ በ30 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ ሰሌዳ በሁለት ጫፉና በመካከሉ ይያዛል። በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ሰሌዳው በክረምትና በበጋ ጥቂት ስለሚላወስ ክፍተት ከሌለ ይነሣል።

በውጭ ግድግዳ ላይ ሲሆን ከመሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ ይጀምር፤ ክፈፉም ዝናቡን የሚያርቅ ይሁን። በኮርኒስ ላይ የአንድ ሜትር ካሬ ክብደት ከ14 ኪሎ ግራም በላይ መሆኑ አይዘንጋ። ለችፑድ የተሠራ ቀጭን ማገር ይህን አይችልም፤ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል በላይ ከመስቀል በፊት ማገሩ አንድ በአንድ ይፈተሽ።